ከሰብ ኮንትራክት ወደ ፕሮጀክት ማናጀርነት፦ የትኛውን በር ላንኳኳ?

ጥያቄው፦ «34 ዓመቴ ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ አለኝ። ላለፉት 9 ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ በሰብ ኮንትራክት፣ ማለትም ከዋናው ኮንትራክተር ሥር፣ እየወሰድኩ እሠራለሁ። ትልቁ ሥራዬ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ነው። እንደ ሥራው ከ6 እስከ 20 ሠራተኛ አሠማራለሁ። አሁን ክፍያ ማሳደድ ሰልችቶኛል፤ ቤተሰብም መሥርቻለሁ። ፕሮጀክት ማናጀር ሆኜ መቀጠር እፈልጋለሁ። አምስት ቦታ አመልክቼ አንዱም አልጠራኝም። ጓደኞቼ ‹ሲቪል ካልሆንክ አይሆንም› ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ‹ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት አመራር የምስክር ወረቀት ውሰድ፣ ያኔ ራሳቸው ይፈልጉሃል› ይላሉ። ፒኤምፒ ልውሰድ? ማስተርስ ልጀምር? ወይስ ጊዜዬ አልፏል?»

ጊዜህ አላለፈም። ስለ ፒኤምፒና ስለ ማስተርስ ከማውራታችን በፊት ግን አንድ ነገር ላርም። «ክፍያ ማሳደድ ሰልችቶኛል» ብለሃል። ፕሮጀክት ማናጀር የሆነ ሰው ከዚህ አይገላገልም። እንዲያውም የሚያሳድደው ገንዘብ ይበዛል። ዛሬ የምትጠብቀው የራስህን የገጠማ ሒሳብ ብቻ ነው። ያኔ የአርማታውን፣ የብሎኬቱን፣ የአሉሚኒየሙን፣ የሊፍቱን ሁሉ ትጠብቃለህ። ቴክ ኦፍ ሺቱ (የተሠራው ሥራ ልኬት የሚመዘገብበት ወረቀት) በጊዜው ካልተፈረመ፣ የክፍያ ሰርተፍኬቱ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ጠረጴዛ ላይ ከከረመ፣ የቀን ሠራተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው አንተ ቢሮ በር ላይ ነው። ሰብ ኮንትራክተሮቹም ጠዋት ማታ ይደውሉልሃል። ዛሬ አንተ የምትደውልለትን ሰው ትሆናለህ ማለት ነው። የሚቀየረው የራስህ የወር ገቢ የታወቀ መሆኑ ነው። ልጅ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን ትንሽ አርፋለሁ ብለህ ከሆነ የምትገባው፣ ዓመት ሳይሞላህ ትለቃለህ።

ሌላው ስህተት ፕሮጀክት ማናጀርነትን የቴክኒክ ችሎታ የመጨረሻ ደረጃ አድርጎ ማየት ነው። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ፎርማን ይሆናል፣ ጎበዝ ፎርማን ሳይቱን ይመራል፣ ሳይት የመራ ሰው ማናጀር ይሆናል ብለን እናስባለን። ሥራው ግን ሌላ ሥራ ነው። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አንድ ጠዋት ልውሰድህ።

ቅዳሜ ነው። የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ (ወለሉ) በአርማታ ሊሞላ ነው። ፌሮው ታስሯል፣ ፓምፑ ቆሟል፣ የመጀመሪያው ሚክሰር መኪና በር ላይ ደርሷል። ፎርማኑ እየሮጠ መጥቶ፣ «በምሥራቅ በኩል ያሉት ሦስት ክፍሎች የሽቦ ቱቦው፣ ኮንዲዩቱ፣ የተዘረጋው በድሮው ድሮዊንግ ነው» ይልሃል። የቴክኒክ ሰው እዚህ ጋ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። እጅጌውን ሰብስቦ ይወጣል። ከልጆቹ ጋር ፌሮ መሃል ተንበርክኮ ኮንዲዩቱን ይፈታል፣ እንደገና ይዘረጋል። እጁ ሥራውን ያውቀዋልና ደስ ይለዋል። እሱ እዚያ ተንበርክኮ ሳለ ግን ፋብሪካው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መኪና ልኳል። አርማታ ደግሞ አይጠብቅም። ከተቀላቀለ በኋላ ባብዛኛው በ90 ደቂቃ አካባቢ ውስጥ መፍሰስ አለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ወይ ይመለሳል፣ ወይ ማንም ሳያይ ውኃ ይጨመርበታል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

ፕሮጀክት ማናጀሩ ከቆመበት አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ፎርማኑን «ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?» ይለዋል። «አንድ ሰዓት» ሲለው፣ ከምዕራብ በኩል መጀመር ይቻል እንደሆነና ሙሊቱ የት ላይ ሊቆም እንደሚችል ከሳይት ኢንጂነሩ ጋር ያያል። ፋብሪካው ጋ ደውሎ ሦስተኛውን መኪና ያስቆማል። የአማካሪውን ተወካይ ጠርቶ ለውጡን ያሳየዋል። ከዚያ የሳይቱን የዕለት መዝገብ፣ ሳይት ቡኩን፣ ከፍቶ አዲሱ ድሮዊንግ በስንት ቀን እንደደረሰ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ሙሊቱ በስንት ሰዓት እንደተጀመረ ይጽፍና ያስፈርማል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ነው። እጁ ላይ አቧራ የለም። ምናልባት ኮንዲዩት በመዘርጋት አንተን አያክልህም። ሥራው ግን ይኸው ነው። እሱን እያሰብክ «እዚያ ቆሜ ሌላ ሰው ሲዘረጋ ማየት እችላለሁ ወይ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስህ «አልችልም፣ እጄን ይበላኛል» ከሆነ ምንም ነውር የለበትም። በኤሌክትሪክ ዲዛይንና ቁጥጥር ውስጥ የሚያኮራ እንጀራ አለ። ማናጀር ለመሆን ብቻ ብለህ የምትወደውን ሥራ አትጣል።

መልስህ «እችላለሁ» ከሆነ፣ ከምታስበው በላይ ቅርብ ነህ። ሰብ ኮንትራክተር ደመወዝተኛ ሳይት ኢንጂነር የማያውቀውን ያውቃል። ዋጋ ሞልተሃል፤ የሞላኸው ደግሞ በራስህ ኪስ ነው። ሰው ቀጥረሃል፣ አሰናብተሃል። ዕቃ በዱቤ ወስደህ በቃልህ ከፍለሃል። አንድ ምሳሌ ላንሳልህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዚያ ክረምት ዋጋ ቆርጠህ የገባህበት ሥራ ከነበረህ፣ የኬብልና የብሬከር ዋጋ ምን እንደሆነ አትረሳውም። ያኔ ምን አደረግህ? ዋጋ እንዲስተካከልልህ ጻፍክ? አስቀድመህ ገዝተህ ነበር? ከዋናው ኮንትራክተር ጋር ተደራደርክ? ወይስ ከስረህ ጨረስክ? ለቃለ መጠይቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለህም። እኔ ብጠይቅህ ስለ ኬብል ውፍረት አልጠይቅህም፤ ስለዚያ ክረምት ነው የምጠይቅህ። ከስረህ ጨርሰህም ቢሆን፣ ለምን እንደከሰርክ በቁጥር ካስረዳኸኝ እቀጥርሃለሁ።

የጎደለህ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሕንፃውን ሙሉውን ማየት ነው። ሰብ ኮንትራክተር ሲጠሩት ይመጣል፣ የራሱን ሠርቶ ይወጣል። ልስኑ ለምን እንደዘገየ፣ የመስኮቱ ፍሬም ሳይገባ ቀለም ለምን እንደተጀመረ አይጨነቅበትም። ይህ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ከታች እስከ ላይ በመቆየት የሚመጣ እንጂ ክፍል ውስጥ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ሁለተኛውና ከባዱ የውል ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከኤሌክትሪክ የመጣን ሰዎች የምንሰበረው እዚህ ነው።

እኔም የመጣሁት ከገጠማ ሥራ ነው። መጀመሪያ በኃላፊነት የያዝኩት የቢሮ ሕንፃ ነበር። ባለቤቱ የሊፍቱን ዓይነት መምረጥ አቃተው። ሊፍቱ ካልተመረጠ ደግሞ ሊፍቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ልክና የላይኛው ማሽን ክፍል አይታወቅም፤ ስለዚህ ሥራው በዚያ በኩል ቆመ። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ባለቤቱም አማካሪውም «ልክ ነህ» አሉኝ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ደብዳቤ መጻፍ ክርክር መፍጠር መሰለኝ። አራተኛው ወር ላይ የጊዜ ማራዘሚያ ጠየቅሁ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ ማስታወቂያ በጊዜው አልቀረበም፣ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም። ውሉ በፊዲክ (ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባወጣው የውል ናሙና) ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ እትም ኮንትራክተሩ ለጊዜ ወይም ለገንዘብ ጥያቄ የሚያበቃውን ነገር ካወቀበት፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል ይላል። አንቀጹን አንብቤው አውቃለሁ። ግን እንደ ቴክኒክ ሰው «እውነቱ ግልጽ ነው፣ ማን ይክደዋል?» ብዬ ነበር የያዝኩት። ድርጅቱ የመዘግየት ቅጣት ተቆረጠበት። የተቆረጠው ገንዘብ የኔ አልነበረም፤ ያሳመመኝም ይኸው ነው። ሌላ ሰው አምኖ የሰጠኝን ነገር ነው የጣልኩት።

በአገራችን ብዙ ውሎች ላይ ቅጣቱ በቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ፣ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ነው። በ200 ሚሊዮን ብር ውል ላይ ይህ በቀን 200,000 ብር ማለት ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ሳይጻፍ የቀረባቸው ስልሳ ቀናት 12 ሚሊዮን ብር ናቸው። ስለዚህ ቀጣሪ «የውል አስተዳደር ልምድ» ሲል የሚፈልገው በደህና ጊዜ፣ ሰው ሳይጣላ፣ ደብዳቤውን በቀኑ የሚያስገባ ሰው ነው። ይህን ልማድ ለመጀመር ማዕረግ አያስፈልግህም። ዛሬ በያዝከው ሥራ ላይ ጀምር። ዋናው ኮንትራክተር ግድግዳውን አዘግይቶ ሠራተኛህ ሥራ ከፈታ፣ በትህትና ግማሽ ገጽ ጻፍለት። በስልክ ተነጋግራችሁ ብትጨርሱም ጻፍ። የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን ያስፍርበት።

ወደ «ሲቪል ካልሆንክ አይሆንም» ልምጣ። ግማሽ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ጓደኞችህ አልነገሩህም። ሕንፃ የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ጨረታ ሲገቡ የፕሮጀክት ማናጀራቸውን የትምህርት ማስረጃና የሥራ ልምድ አያይዘው ያስገባሉ። በጨረታ ሰነዱ ላይ ብዙ ጊዜ ሲቪል ምህንድስና ወይም ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተብሎ ይጻፋል። ድርጅቱ ቢወድህ እንኳ አንተን በዚያ ቦታ ቢያስገባ ነጥብ ይጎድልበታል። ንቀት አይደለም፤ ሰነዱ ነው። አምስቱም ያመለከትክባቸው ቦታዎች የሕንፃ ኮንትራክተሮች ከነበሩ፣ የተሳሳተ በር ነው ያንኳኳኸው።

ኤሌክትሪክ ዋናው ሥራ የሆነባቸው ፕሮጀክቶች አሉ። ሰብስቴሽንና መስመር ዝርጋታ፣ ሶላር፣ የፋብሪካ ኤሌክትሮመካኒካል ገጠማ፣ የቴሌኮም ማማ። ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የማማ ሥራ በየክልሉ ሲዘረጋ አይተሃል። እያንዳንዱ ማማ መሠረት፣ ብረት፣ ጄኔሬተር፣ ባትሪ፣ የመንገድ ፈቃድ፣ የቦታ ኪራይ የሚፈልግ ትንሽ ፕሮጀክት ነው። አንድ ማናጀር ብዙዎቹን በአንዴ ይይዛል። ትልቅ ሕንፃ ያልመራ ሰው የፕሮግራም አያያዝን በፍጥነት የሚማረው እዚህ ነው።

ሌላው በር የባለቤቱ ወገን ነው፤ እኔ ለአንተ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ባንኮች፣ ሪል ስቴቶች፣ ሆስፒታሎችና ሆቴሎች የራሳቸው የፕሮጀክት ቢሮ አላቸው። ሠንጋ ተራ አካባቢ ሄደህ ቀና ብለህ እይ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር የሚረዝመው ዋና መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዙሪያውንም የሌሎች ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ሕንፃዎች ቆመዋል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ስትራክቸሩ ካለቀ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚወስደው ማን ነው? ሊፍት፣ የእሳት አደጋ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ትራንስፎርመር፣ ቺለር፣ የመረጃ መስመር። ሲቪሎቹ ሲጨርሱ አንተ መሃል ላይ ነህ። ርክክብ የሚዘገየውም ባብዛኛው እዚሁ ነው፦ የኃይል ማመልከቻው በጊዜው ሳይገባ፣ ጄኔሬተሩ ወደብ ላይ ሆኖ፣ ፓምፑ መጥቶ ፓነሉ ሳይመጣ። ባለቤት በዚህ ጊዜ የሚፈልገው ኤሌክትሮመካኒካሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያናብብ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ዲግሪህ እዚህ ላይ እንቅፋት ሳይሆን መግቢያህ ነው።

አሁን ለምን እንዳልተጠራህ። ሲቪህን አላየሁትም፤ ግን እንዳንተ ካሉ ሰዎች የሚደርሱኝ ሲቪዎች አንድ ዓይነት ናቸው። «የኮንዲዩት ዝርጋታ፣ የኬብል ሥራ፣ የፓነል ገጠማ፣ የኧርዚንግ ሥራ» ብሎ ይደረድራል። አንባቢው የሚያየው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ወደ ጎን ያደርገዋል። ያው ሥራ እንዲህ ቢጻፍስ? «የባለ 12 ፎቅ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ሥራ፤ የውሉ ዋጋ ይህን ያህል ብር፤ የተያዘለት ጊዜ 10 ወር፣ የተጠናቀቀበት 14 ወር፤ ከመዘግየቱ ሦስቱ ወር በስትራክቸር መጓተት የመጣና በደብዳቤ የተመዘገበ፤ እስከ 20 ሠራተኛ መምራት፤ 11 የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀትና ማጸደቅ፤ ጊዜያዊ ርክክብ።» ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ አንተ የራስህን እውነተኛ ቁጥር አስገባ። መዘግየቱን አትደብቅ። ሳይዘገይ ያለቀ ሕንፃ ብዙ አላየንም፤ መዘግየቱን በምክንያትና በቀን የሚያስረዳ ሰው ግን እናምነዋለን።

ስለ ፒኤምፒ። የፈተናው ባለቤት በአሜሪካ ያለው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም ነው። የአራት ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ብዙዎች «ማናጀር የሚል ማዕረግ ስለሌለኝ አልችልም» ይላሉ፤ ትክክል አይደለም። የሚቆጠረው መምራትህ እንጂ የተጻፈልህ ስም አይደለም፤ የሰብ ኮንትራክት ሥራህም በአግባቡ ከተጻፈ ይቆጠራል። ማመልከቻው ለማጣራት ሊመረጥ ይችላል። ያኔ ሥራህን የሚያውቅ ሰው መመስከር አለበት። ካለፍክም በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ሰብስበህ ታድሳለህ። የአመዘጋገብ መመሪያው ስለሚለወጥ ከመክፈልህ በፊት የወቅቱን አንብብ።

ታዲያ ይጠቅማል? ለዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ለቴሌኮም፣ ወይም ወደ ዱባይና ዶሃ ለማምራት ካሰብክ አዎ፤ ማስታወቂያቸው ላይ በስሙ ይጠሩታል። ለአዲስ አበባ የሕንፃ ገበያ ግን በር አይከፍትም። ልምድ ካለው ሰው ላይ ሲታከል ያምራል፤ ብቻውን ሲመጣ ማንም አይደነግጥለትም። ስለዚህ ሁለተኛ ነው። ማስተርሱ ደግሞ ሦስተኛ። በማታ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የሳይት ሥራ ደግሞ ማታህንም ይወስዳል። የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ማስተርስ በጨረታ ነጥብ ላይ ሊረዳህ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀጣሪህ ራሱ ይነግርሃል፣ ምናልባትም ይከፍልልሃል። ሥራ ባለማግኘትህ ተናድደህ ግን አትመዝገብ። ኤምኤስ ፕሮጀክት የሚባለውን የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር ግን አሁኑኑ ልመድ፤ ሁለት ወር አይፈጅብህም።

ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ ሰው የማይነግርህ ነገር አለ። አንድ ድርጅት 60,000 ብር ደመወዝ ቢልህ፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ስለሚቆረጥ ግብሩ 18,950 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮህ 7 በመቶ፣ 4,200 ብር። እጅህ የሚገባው 36,850 ብር ነው። ይህን ከጥሩ ወርህ ጋር አታወዳድር። የዓመቱን ትርፍ ሁሉ ደምር፣ ሥራ የፈታህባቸውን ወሮች ጨምርበት፣ ያልተከፈለህን ቀንስ፣ ከዚያ በ12 አካፍል። ብዙ ሰው ይህን ሲሠራ ይደነግጣል፤ አንዳንዱ በደስታ፣ አንዳንዱ በሐዘን። ሁለቱንም ሳታውቅ ደመወዝ አትደራደር።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪ የሆኑ ሰዎችን አይሸፍንም። መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት የመሰለ ሥልጣን ከተሰጠህ እንደ ሥራ መሪ ልትቆጠር ትችላለህ። ያኔ የሚገዛህ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የፈረምከው ውል ነው። ለፎርማኑ አዋጁ የሚሰጠው ጥበቃ ለአንተ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ውልህ ላይ የስንብት ማስጠንቀቂያ ስንት ወር እንደሆነ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ምን እንደምትሆን፣ ሳይት ላይ ለሚጠፋ ንብረት እስከ ምን ድረስ እንደምትጠየቅ ይጻፍ። «እንተማመናለን» የሚል ቀጣሪ ካጋጠመህ፣ ስለ ሊፍቱ የነገርኩህን አስታውስ።

አንድ ወጥመድም አለ። ገንዘብህን የያዘብህ ኮንትራክተር «ና፣ ይህን ፕሮጀክት ያዝልኝ» ሊልህ ይችላል። ሳትቀበል በፊት ከአንተ በፊት ስንት ማናጀር እንደተቀያየረ ጠይቅ። ቀሪው የውል ጊዜ ስንት ቀን ነው? የመጨረሻው ሰርተፍኬት የተከፈለው መቼ ነው? ከቅድመ ክፍያው ስንቱ ተመላሽ ሆኗል? ሦስት ማናጀር በዓመት የቀየረ፣ ጊዜው ያለፈ፣ ቅድመ ክፍያው ያለቀ ፕሮጀክት የሚፈልገው ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ነው። የመጀመሪያ ስምህ በዚያ ላይ አይጻፍ። የራስህን ድርጅት በተመለከተም፣ የምትመራው ፕሮጀክት ላይ ሰብ ኮንትራክት አትስጠው፤ በወንድምህ ስምም ቢሆን። የሙያ ምዝገባህ በድርጅትህ ፈቃድ ላይ ተይዞ ከሆነም ሌላ ቦታ ከመፈረምህ በፊት አስተካክል።

ምክሬ ይህ ነው። «ፕሮጀክት ማናጀር» የሚለውን ማስታወቂያ ለጊዜው ተወው። ኤሌክትሮመካኒካል ኮኦርዲኔተር ወይም ምክትል ፕሮጀክት ማናጀር ሆነህ፣ ከተቻለ በባለቤት ወገን፣ ካልሆነም በደህና ኮንትራክተር ቤት ግባ። አንድ ሕንፃ ይዘህ እስከ ጊዜያዊ ርክክብ ድረስ ቆይ። 18 ወርም ሁለት ዓመትም ሊወስድ ይችላል፤ ገቢህም ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል። ርክክቡ ሳይደርስ በትንሽ ጭማሪ አትውጣ፤ የማናጀርነቱ ዋና ትምህርት ያለው በመጨረሻዎቹ አራት ወራት ውስጥ ነው። እስከዚያው ዛሬ በያዝከው ሕንፃ ላይ ዋናውን ኮንትራክተር፣ «የሳኒተሪውንና የእሳት አደጋውን ቅንጅትም እኔ ልያዝልህ» በለው። አብዛኛው ደስ ብሎት ይሰጥሃል፤ ለእሱ ራስ ምታት ነው፣ ለአንተ የሲቪ መስመር።

በዚህ ሳምንት ግን የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ሰብስብ። ሰብ ኮንትራክተር ትልቁ ችግሩ ይህ ነው፤ የማጠናቀቂያ ደብዳቤው የሚጻፈው ለዋናው ኮንትራክተር ነው፣ አንተ ስምህ የትም የለም። የሚያውቁህ የአማካሪው የሳይት ተወካዮች፣ ሬዚደንት ኢንጂነሮቹም፣ ሥራ ይቀይራሉ፣ አገር ይለቃሉ። ከክፍያህ ተቀንሶ የተያዘ፣ ገና ያልተለቀቀ የመያዣ ገንዘብ ካለህ ለእሱ ስትሄድ ደብዳቤውንም አብረህ ጠይቅ። የሕንፃውን ቦታ፣ የውሉን ዋጋ፣ የጀመርክበትንና ያስረከብክበትን ቀን፣ የመራኸውን የሰው ብዛት የያዘ ረቂቅ ራስህ አዘጋጅተህ፣ በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ባዶ እጅህን ከሄድክ «የኤሌክትሪክ ሥራ ሠርቷል» የምትል አንድ መስመር ማኅተም አድርገው ይሰጡሃል።